ቲራሚሱን በቤት መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኑሮዬን የምመራው ኬክና ጣፋጭ በመሥራት ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ በተደጋጋሚ የምጠየቀው ስለ ቲራሚሱ፣ ቡና ውስጥ የተነከረ ብስኩትና ክሬም ተደራርቦ ስለሚሠራው የጣሊያን ጣፋጭ ነው። ምድጃ ውስጥ ስለማይገባ ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ ይጀምረዋል፤ ነገር ግን እሳት ያልነካው ጣፋጭ የሠሪውን ስህተት የሚያስተካክልበት ሌላ ዕድል የለውም፤ የቀጠነው ክሬም እንደቀጠነ፣ ውሃ የጠጣው ብስኩትም እንደላሸቀ ይቀርባል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መጠኑንና አሠራሩን በአጭሩ ይንገሩን።

መልስ፦ ለስምንት ሰው 500 ግራም ማስካርፖኔ (ከክሬም የሚሠራ ለስላሳ የጣሊያን አይብ ነው)፣ 5 የእንቁላል አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 300 ግራም ሳቮያርዲ (ጣት የሚመስለው ደረቅና ቀላል ብስኩት ነው)፣ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ወፍራም ቡናና ስኳር የሌለው የኮኮዋ ዱቄት ይበቃል። አስኳሉንና ስኳሩን ነጣ ብሎ እስኪወፍር ድረስ ይምቱት፤ ማስካርፖኔውን በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቅሉበት። ብስኩቱን ቡናው ውስጥ ነከር እያደረጉ ይደርድሩና የክሬሙን ግማሽ ያልብሱት፤ ሁለተኛውን ድርብ በዚያው መልክ ይድገሙና ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይሂዱ፤ 90 ግራም ያህል አስኳል ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሪያድ ነው። አልኮል ካልገባበት ትክክለኛው ቲራሚሱ አይደለም የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ይህ ጣፋጭ ጥንታዊ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በስፋት የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በሰሜን ጣሊያን በትሬቪዞ ከተማ የሚገኘው ሌ ቤኬሪዬ የተባለው ምግብ ቤት፣ በጊዜው የምግብ ቤቱ ባለቤት የነበረችው አልባ ካምፔኦልና ጣፋጭ ሠሪው ሮቤርቶ ሊንጓኖቶ የፈጠሩት እንደሆነ ሲናገር ኖሯል፤ በእነርሱ አሠራር ውስጥ አልኮልም ሆነ የእንቁላል ነጭ አይገባም። በሌላ በኩል የፍሪዩሊ ቬኔትሲያ ጁሊያ ክልል ሰዎች በቶልሜትሶ ከተማ ቀድሞ ይሠራ ነበር ብለው ይከራከራሉ፤ የጣሊያን የግብርና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2017 ቲራሚሱን በዚያ ክልል ባህላዊ ምግቦች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ የትሬቪዞን ሰዎች አስቆጥቷል። ማርሳላ የተባለው የሲሲሊ ወይን በብዙ አሠራሮች ውስጥ ቢገኝም የጣፋጩ ምሰሶ አይደለም። ስሙም «ወደ ላይ ሳበኝ»፣ በእኛ አነጋገር «አነቃቃኝ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ለማነቃቃቱ ቡናውና ስኳሩ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ማስካርፖኔ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። በአይብ ብሠራው ምን ይለዋል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ምክንያቱን ማወቁ ግን ይጠቅማል። አይብ የሚሠራው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ስለሆነ፣ ቅባቱ አነስተኛ፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ አካሉም ፍርፍር የሚል ነው። ማስካርፖኔ በተቃራኒው ቅባት ከበዛበት ክሬም ይሠራል። አይቡን ምንም ያህል ቢፈጩት ያንን ልስላሴ አያገኙትም፤ ሞክሬዋለሁ፣ አሸዋ ያለበት ክሬም ነው የሚመስለው።

የሚሻለው ማስካርፖኔውን ራሱን በቤት መሥራት ነው። ቅባቱ 35 በመቶ ገደማ የሆነ አንድ ሊትር ክሬም በድስት ያድርጉና በለዘብተኛ እሳት እያማሰሉ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድርሱት፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው ለአምስት ደቂቃ ያህል በዚያው ሙቀት ያቆዩት። ክሬሙ እንደ ወተት አይቆረጥም፤ ማንኪያውን ሲያወጡት ጀርባውን በወፍራሙ ለብሶ ካዩት ደርሷል ማለት ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ በወንፊት ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ሻሽ ውስጥ ገልብጠው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት ውሃው ከታች ወርዶ፣ ከላይ ማስካርፖኔው ይጠብቅዎታል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጠርዙ ዙሪያ ትናንሽ አረፋዎች ሲታዩ፣ እሳቱን መቀነስ አለበት።

ጥያቄ፦ ክሬሜ ሁለት ጊዜ ቀጠነብኝ፤ በሦስተኛው ደግሞ ተቋጠረ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። የሚቀጥነው አብዛኛውን ጊዜ አስኳሉ በበቂ ሁኔታ ሳይመታ ሲቀር ወይም ማስካርፖኔው ከላዩ ያቆረው ውሃ ሳይደፋ ሲገባ ነው። አስኳሉ መድረሱን ለማወቅ መምቻውን ከፍ ያድርጉት፤ የሚወርደው ክር በላዩ ላይ ተጋድሞ ለጥቂት ሰከንድ ምልክቱ ካልጠፋ ደርሷል።

የሚቋጠረው ግን ከመጠን በላይ ሲመታ ነው። ማስካርፖኔን በማሽን አብዝቶ መምታት ከመናጥ አይለይም፤ የናጡት ቅባት ደግሞ ቅቤውን ከውሃው መለየቱ አይቀርም። እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን ለአንድ የልደት ግብዣ ሦስት ኪሎ ማስካርፖኔ በትልቁ ማሽን ውስጥ ትቼ ስልክ ሳነሣ፣ ስመለስ ያገኘሁት በነጭ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ቅቤ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስካርፖኔን የማዋህደው በእጄ፣ በሰፊ ማንኪያ፣ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጥኩ ነው። መቋጠር ሲጀምር ወዲያው ከደረሱበት ሁለት ማንኪያ ፈሳሽ ክሬም ጨምረው በዝግታ ቢያዋህዱት ሊመለስ ይችላል፤ ውሃው ከተለየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ ጥሬ እንቁላል ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ማቅረብ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። አስኳሉንና ስኳሩን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው፣ በእንፋሎት ላይ፣ የሳህኑ ሥር የፈላውን ውሃ ሳይነካ፣ ያለማቋረጥ እየመቱ ከ72 ዲግሪ በላይ ያድርሱት፤ 80 ካለፈ መርጋት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ያውጡት። እጅዎ ከመምታት ካረፈ ፍርፍር ይወጣዎታል። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ግን ከማስካርፖኔው ጋር አያገናኙት፤ ሙቀቱ ቅባቱን ያቀልጠውና ቀድሞ ወደ ጠየቁኝ ወደ መቅጠኑ ይመልሰናል። እኔ ለራሴም ቢሆን የምሠራው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የጀበና ቡና ይሆናል ወይስ የግድ የማሽን መሆን አለበት?

መልስ፦ ጣሊያኖች በቤታቸው የሚጠቀሙት በአብዛኛው በምድጃ ላይ በሚጣደው ሞካ የሚፈላውን ቡና ነው፤ የካፌ ማሽን የግድ አይደለም። የጀበና ቡናም ይሆናል፤ ነገር ግን ዱቄቱ አብሮ ስለሚፈላ አተላው ክሬሙ ውስጥ ከገባ ጥርስ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ከወትሮው ወፈር አድርገው ያፍሉት፣ እስኪሰክን ይጠብቁ፣ ከዚያም በሻሽ ያጥልሉት። አቦሉን ብቻ ይውሰዱ፤ ቶናው ለዚህ ሥራ ይቀጥናል፣ እርሱን እየሠሩ ይጠጡት። ቅቤ፣ ጨውም ሆነ ጤና አዳም አይግባበት። ስኳርም አያስፈልገውም፤ የክሬሙን ጣፋጭነት የሚያመዛዝነው የቡናው ምሬት ነው።

ጥያቄ፦ ብስኩቱን ስንት ሰከንድ ልንከረው?

መልስ፦ በአንድ ወገን አንድ ሰከንድ፣ ገልብጠው ሌላ አንድ ሰከንድ። ቡናው ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሁን፤ ትኩስ ከሆነ ብስኩቱ እጅዎ ላይ ይበጣጠሳል። የመጀመሪያውን ነክረው ለሁለት ይስበሩት፤ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ መካከሉ ላይ ደረቅ ነጭ መስመር ከታየ ልክ ነው፤ ያ መስመር ሌሊቱን የክሬሙን እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል። መካከሉ ድረስ ከጠቆረ ግን ጠዋት ሲቆርሱት ከትሪው ሥር ቡና ያቁራል። ሳቮያርዲ ያጣ ሰው ስፖንጅ ኬክ በጣት ውፍረት ቆርጦ በለዘብተኛ ምድጃ እስኪደርቅ ቢያቆየው ይሠራለታል። የሻይ ብስኩት ግን አልመክርም፤ ወይ ድንጋይ ወይ ገንፎ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ለጾም የሚሆን አለ?

መልስ፦ በኮኮናት ክሬም የሚሠሩ አሉ፤ የሚበላ ጣፋጭ ነው፣ እኔ ግን ቲራሚሱ ብዬ አልጠራውም። የበለጠው ግማሹ ጣዕም የእንቁላልና የወተት ስለሆነ እስከ ፍስኩ ቢጠብቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ቢያድር ደግሞ ይመረጣል። ተከድኖ በ4 ዲግሪ ገደማ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ጥሬ እንቁላል ካለበት በማግሥቱ ይጨርሱት። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ሳይከፈት ለ4 ሰዓታት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ጣፋጩን ይጣሉት። ኮኮዋውን ማታ አይነስንሱበት፤ እርጥበት ጠጥቶ ጭቃ ይመስላል። እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ትሪውን አውጥተው በትንሽ ወንፊት ይነስንሱበትና ወዲያው ይቁረሱት።