ከእኩያህ ጋር ለምን አያገጣጥምህም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ከፈተና በኋላ ወደ ጌሙ ስመለስ 9 ጊዜ ተከታትዬ ተሸነፍኩ። በብዙ የሚበልጡኝ ልጆች ላይ ነው የሚጥለኝ። ሆን ብለው ነው? ልተወው?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ አካባቢ ሆኜ በስልክ የተኩስ ጌም መጫወት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። ንዴትህን አውቀዋለሁ። አንድ ሌሊት ስልኬን ፍራሽ ላይ ወርውሬ እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። «ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ምን ያናድድሃል?» የሚሉህን አትስማቸው። ሰው ወር ሙሉ የለፋበት ራንክ (የጌም ደረጃ) በማይመጥነው ውድድር ሲወሰድበት ያመዋል።

መጀመሪያ የተጫወትኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሕጉ «ተሸናፊ ይከፍላል» ነበር። ባለቤቱ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያያል። አንድ አዲስ ልጅ ብሩን በጡጫው ጨብጦ ሲገባ፣ ከቤቱ ጎበዝ ጋር አያስቀምጠውም። «አንተ ቆይ፣ እሱ መጀመሪያ ከትንሹ ጋር ይግጠም» ይላል። ልጁን በዓይኑ መዝኖታል። ኦንላይን ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ የሚያውቅህ በቁጥር ነው፤ ስታሸንፍ በሚጨምር፣ ስትሸነፍ በሚቀንስ ነጥብ።

የቁጥሩ ነገር ከቼዝ የመጣ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ያወጣውን ስሌት ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። በዚያ ስሌት ሁለት ሰዎች በ200 ነጥብ ከተራራቁ፣ ብልጫ ያለው ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል (ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ ሆኖ ሲቆጠር) ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ብዙ ጌሞች የየራሳቸው ቀመር ቢኖራቸውም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። ደግሞ ማሽኑ የሚመዝንህ ቁጥር ስክሪን ላይ ከምታየው ራንክ የተለየ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። «ከፈተና በኋላ» ያልካት ቃል ትልቅ ነገር ነች። ቁጥርህ ከፈተና በፊት የነበረው ነው። እጅህ ግን ደብተር ሲገልጥ ከርሟል። ስለዚህ የሚያገጣጥምህ ከድሮው አንተ እኩዮች ጋር ነው። ማርክ ግሊክማን በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግሊኮ የሚባል ስሌት ይህን ችግር አስቦበታል። ሰው ከጨዋታ በራቀ ቁጥር ማሽኑ ስለእሱ ያለው እርግጠኝነት ይቀንሳል። ሲመለስ ነጥቡ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። የምትጫወተው ጌም እንዲህ ዓይነት ቀመር ካለው ማሽኑ ቶሎ ያገኝሃል። ከሌለው ግን ብዙ ትሸነፋለህ።

ሌላው ሰዓት ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ የምገባው ከ6 ሰዓት በኋላ ነበር። ሲመረኝ ለ3 ሳምንት ደብተር ላይ መዘገብኩ፦ ሰዓቱን፣ ፒንጉን (መልእክት ከስልኬ ወደ ጌሙ ኮምፒውተር ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ)፣ ከማን ጋር እንደገባሁና ውጤቱን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ማች ለማግኘት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ስክሪኑ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፣ ከዚያ አንዱን አውሬ ያመጣብኛል። በዚያ ሰዓት የነቃው ሰው ጥቂት ነው። ማሽኑ እኩያህን ሲያጣ መረቡን ያሰፋል፤ የገባለትን ያወጣል። አንተም ጥያቄህን የላክኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነው፤ አየሁት።

ፒንግንም እይ። እኔ የምጫወተው ጌም አገራችን ውስጥ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) የለውም። ፒንጉ 150 ሚሊሰከንድ ሲያልፍብኝ ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ ነው የምሞተው። ለዚያ ጥፋቱን በሚያገጣጥመው ማሽን ላይ አላላክክም። ከአንተ በጣም ከፍ ካለ ጓደኛ ጋር በስኳድ (በአንድ ቡድን) ስትገባም የሚመጣባችሁ የእሱ እኩያ ሊሆን ይችላል። የኔ ደብተር ላይ አስቀያሚ ሽንፈቶች ሁሉ ከአንድ በጣም ከምወደው ጓደኛዬ ጋር የገባሁባቸው ነበሩ። ልነግረው ከብዶኝ ነበር።

ሆን ብለው ነው ወይ ላልከው፣ ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አክቲቪዥን የተባለው የጌም ኩባንያ ተጫዋቹ ጌሙ ውስጥ ዕቃ እንዲገዛ በሚገፋፋ መልኩ ማገጣጠም ለሚችል አሠራር በ2017 እ.ኤ.አ. ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝቷል። ኩባንያው ግን በየትኛውም ጌም ላይ አልዋለም ብሏል። ያንተ ጌም ያደርገዋል ብዬ ልምል አልችልም። ዕድል ነው ብዬም አላጽናናህም። እኩል ለእኩል ሆነህ 5 ጊዜ ተከታትሎ መሸነፍ 1 ከ32 ነው፤ ብዙ ለሚጫወት ሰው ያጋጥማል። 9 ጊዜ ግን 1 ከ512 ነው። የሆነ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም።

አትተወው። አንድ ሳምንት ሌሊቱን ተኛበት። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ግባ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራንክ የሌለበትን ተጫወት፣ እጅህ ይፍታታ። ሁለት ከተሸነፍክ ዝጋውና ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ በል። ሁሉንም መዝግበው። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ እኔም እገባለሁ፤ ራንካችን የሚቀራረብ ከሆነ አይዲህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እንግባ።