ቤቴ አልፈረሰም፣ ደንበኞቼ ግን የሉም፦ ውሉን ማፍረስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ውስጥ ምሳ ቤት ከከፈትኩ ሁለት ዓመት አለፈ። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ የእኔ ቤት ከመስመሩ ውጪ ሆኖ ተረፈ። ዙሪያው ግን ባዶ ሆነ። ድሮ ለምሳ ብቻ ከመቶ ሰው በላይ አስተናግድ ነበር፣ አሁን ሃያ ከሞላ ጥሩ ቀን ነው። ኪራዩ በወር 65,000 ብር ነው። የሦስት ዓመቱ ውል ገና 11 ወር ይቀረዋል። አከራዬን ቀንሱልኝ ስላቸው «ውል ውል ነው» አሉኝ። ዘግቼ ብወጣ ምን ይመጣብኛል? ካሣስ አላገኝም? ስምንት ሠራተኞችም አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው አይደለም። በ2016 ፒያሳ ሲነሳም ከዳር የቀሩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ጠይቀውኛል። የፈረሰበት ሰው ቢያንስ የሚሄድበት ቢሮ አለው። ያልፈረሰበት ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

መራራውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ደንበኛ መጥፋቱ ብቻውን ከኪራዩ ነፃ አያወጣዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1764 የሚለው ግልጽ ነው፦ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ካሰቡት በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል። ዳኛም «ይሄማ ይበዛባታል» ብሎ በርኅራኄ ኪራይ አይቀንስም። ቁጥር 1763 ይከለክለዋል። አከራይዎ «ውል ውል ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው።

«ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱ የሚሠራው ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል ሲሆን ነው። ለምሳሌ መንግሥት ቤቱ እንዲዘጋ ቢያዝ ቁጥር 1793 ይረዳዎታል። መክሰር ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ በቁፋሮው ምክንያት በሩ ተዘግቶ ያውቃል? ውኃው ወይም መብራቱ ተቋርጦ ለቀናት ሳይሠሩ ቀርተዋል? አከራይ ቤቱን ለተከራየበት ሥራ በሚያገለግል ሁኔታ የማቆየት ግዴታ አለበት። እንዲህ ያሉ ቀናት ካሉ በቀን በቀኑ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ለድርድር ጥሩ ጉልበት ነው።

ብዙ ሰው በ2016 ስለወጣው የኪራይ አዋጅ ይጠይቀኛል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ምሳ ቤት ውስጥ አይገባም። የካሣው አዋጅ 1161/2011ም መሬቱ ለተወሰደበትና ንብረቱ ለተነሳበት የተጻፈ ነው። ቤትዎ እንደቆመ ደንበኛ ስላጡ ብቻ በእሱ መስመር ካሣ ያገኛሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ወደፊት ቤቱ ራሱ ይነሳል ከተባለ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ለኩሽናው፣ ለሴራሚኩ፣ ለጭስ ማውጫው ያወጡበትን ደረሰኝ አይጣሉ።

አሁን ወደ ውልዎ እንሂድ። የላኩልኝን ቅጂ አንብቤዋለሁ። ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ውሉን ላከበረው ወገን ብር 150,000 ገደብ ይከፍላል» ይላል። ከሥሩ እንደተለመደው «በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ተብሎ ተፈርሟል። ይህን የገደብ መስመር፣ ማለትም ውል ያፈረሰ የሚከፍለውን ቅጣት የሚናገረውን፣ ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል፣ የእርስዎ ዕጣ ፈንታ ግን እዚህ ላይ ነው። የ11 ወሩ ኪራይ 715,000 ብር ነው። ገደቡ 150,000 ብር። በቁጥር 1890 መሠረት አከራይ ወይ ውሉ እንዲፈጸም ይጠይቃል፣ ወይ ገደቡን፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አይደለም። ሆኖም ገደቡን ከፍሎ መውጣት የእርስዎ ምርጫ ነው ማለት አይደለም፤ ምርጫው የእሳቸው ነው። ዳኛም የገደቡን ልክ ዝም ብሎ አይቀንስም፣ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ግን ማየት ይችላል። እርስዎ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከፍለዋል። ይህን አጥብቀው ይያዙ።

ሌላም አለ። ቁጥር 1802 ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ያስገድዳል። አከራይዎ ቁልፉን ተቀብለው ቤቱን ባዶ አስቀምጠው የ11 ወር ኪራይ በኪሳራ ልጠይቅ ቢሉ «ጉዳቱን ለመቀነስ ምን አደረጉ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይኖርባቸዋል። ለዚህ ነው ሹልክ ብሎ መውጣትን የምቃወመው። በር ቆልፎ ስልክ ያጠፋ ተከራይ ይህን ሁሉ መከራከሪያ በገዛ እጁ ይጥላል።

ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ። ለአከራይዎ በጽሑፍ ይጻፉላቸው። የስድስት ወር የሽያጭ ሪፖርት ከካሽ ሬጅስተሩ አውጥተው ያያይዙ። ሁለት አማራጭ ያቅርቡ፦ ኪራዩ ለቀሪው ጊዜ ይቀንስ፣ ወይም የሁለት ወር ጊዜ ሰጥቼዎት ገደቡን በከፊል ከፍዬ ልውጣ። ሦስተኛም ካለዎት፣ ቤቱን ከነዕቃው የሚረከብ ሰው ይዘው ይቅረቡ፤ ውልዎ ግን ለሌላ ማስተላለፍን ያለ ፈቃድ ስለሚከለክል ፊርማቸው ያስፈልጋል። ከተስማሙ ማሻሻያውን በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ያድርጉት። ቁልፍ ሲያስረክቡም የርክክብ ወረቀት ይፈራረሙ፣ የቆጣሪውን ንባብ ጭምር። በቃል «እሺ ልጄ» ያሉ ባለቤት ፍርድ ቤት ሲደርሱ ሌላ ሰው ሆነው አይቻለሁ።

የሠራተኞቹ ነገር ከኪራዩ በላይ ያሳስበኛል፤ እነሱ የሚወድቁበት የላቸውም። ተስፋ ካለዎት ወዲያው አይበትኗቸው። በአዋጅ 1156/2011 ያልታሰበ የገንዘብ ችግር ሲገጥም ሥራ ለጊዜው ማገድ ይቻላል፣ ቢበዛ ለ90 ቀን። በሦስት ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ለዘለቄታው ከዘጉ የስንብት ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ድርጅቱ በመዘጋቱ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ። በስሌት እንየው። ወጥ ሠሪዋ 9,000 ብር እያገኘች ሁለት ዓመት ከሠራች በግምት 9,000፣ ሲደመር 3,000፣ ሲደመር 18,000፤ 30,000 ብር። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በዚህ ላይ ይታሰባል። ይህ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣዎ ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውንም በዚያው ቀን ይስጧቸው።

የንግድ ፈቃዱን ሳይመልሱ አይጥፉ። ምሳ ቤቱ ተዘግቶ ፋይሉ ክፍት ከሆነ ግብር ቢሮው ሪፖርት መጠበቁን አያቆምም፣ ቅጣቱም ይቆጥራል። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን ያዘጉ፣ የግብር ክሊራንስ ይውሰዱ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃዱን ለወረዳው ይመልሱ።

የሚቀጥለው የኪራይ ቀን ከመድረሱ በፊት ደብዳቤው እጃቸው ይግባ። የደረሳቸው መሆኑን ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያያይዙት።