የ1966ቱን ጋዜጣ እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአብዮቱን ዘመን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ እያገላበጥኩ ነው። ደርግና የሲቪል ምሁራኑ ለሥልጣን ሲታገሉ ጋዜጣውና ሬዲዮው ዘጋቢ ብቻ ነበሩ? ከየት ልጀምር?
(የታሪክ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዘጋቢ ብቻ አልነበሩም። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ከተቋቋመ በኋላ ብዙ ባለሥልጣናትን የያዘው በር ሰብሮ ሳይሆን ስማቸውን በሬዲዮ አስነብቦ ነው። እጁን ያልሰጠ ንብረቱ እንደሚወረስ ይነገረው ነበር፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ሄደው ገቡ። ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያሉትን እትሞች ያውጡና የእስር ዜናዎቹን ብቻ በቀን ይደርድሩ። ሐምሌ 15 ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ሲሾሙ፣ ካቢኔው ቀድሞውኑ ምን ያህል እንደተመናመነ ከዝርዝሩ ያዩታል። ንጉሡ በየእትሙ የሚጠሩበትን ማዕረግም ጎን ለጎን ይመዝግቡ።

ቴሌቪዥኑን አይዝለሉ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የወሎ ረኃብ ፊልም በእንግሊዝ የታየው ጥቅምት 1966 ነው። እዚህ የታየው ግን ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ረኃቡ እውነት ነው፤ ሰዓቱን የመረጠው ግን ደርግ ነው።

ሲቪሎቹ ሬዲዮ አልነበራቸውም። የነበራቸው ስቴንስል (ጽሑፍ የሚባዛበት ሰም የተቀባ ወረቀት)፣ የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ነው። በኋላ ኢሕአፓ የሆነው የግራ ቡድን «ዴሞክራሲያ»ን፣ ተቀናቃኙ የግራ ድርጅት መኢሶን ደግሞ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን በ1966 ክረምት ማሰራጨት ጀመሩ፤ ጥያቄያቸውም ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ነበር። ወረቀቱ ምን ያህል ያሳስብ እንደነበር ደርግ በመጋቢት 1969 ካካሄደው አሰሳ ይረዱ፤ ቤት ለቤት የሚፈለገው የጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ነበር።

ጊዜ ካጠረዎት ግን በ1968 አዲስ ዘመን ላይ በ«አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ የተካሄደውን ክርክር ይምረጡ። የሁለቱ ድርጅቶች ደጋፊዎች ስለ ዴሞክራሲና ስለ ወታደሩ ሚና በመንግሥት ጋዜጣ ተሟገቱ። በእኛ እይታ ይህ ነፃነት ሳይሆን ደርግ ምሁራኑ እርስ በርስ ሲጎዳዱ የተመለከተበት መድረክ ነበር። አንዱን ጽሑፍ ለብቻው ካነበቡ ፍልስፍና ይመስልዎታል፤ መልሱን ከሥሩ ሲያስቀምጡ ማን በማን ላይ እንዳነጣጠረ ይገባዎታል። ከደርግ ጋር ይተባበር የነበረው መኢሶንም ራሱ ነሐሴ 1969 ህቡዕ ገባ።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ቀን ላይ ነው። የፈረንጆቹ 1974 በእኛ 1966ንም 1967ንም ይነካል፦ ወደ ፈረንጆቹ ለመቀየር በእኛው ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደምሩ። እትሞቹን በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይጠይቁ። የህቡዕ ወረቀቶች ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ጸሐፊያቸውም ያልተጠቀሰ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ሳያስተያዩ አይጥቀሱ።