አስከሬን ሳናጥብ ብንቀብር ኃጢአት ይሆንብናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እናቴ በሰፈራችን ሴት ስትሞት አጥበው ከሚገንዙት አንዷ ናት። በቅርቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እድራችን ስብሰባ ላይ መጥታ፣ እንደ ማርበርግ ያለ በሽታ ከገባ አስከሬን እንዳንነካና እንዳንስም አስተማረችን። እናቴ ተቆጣች። «ክርስቲያን እንደ ዕቃ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይቀበርም፤ እኔን እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ትላለች። እኔ ደግሞ ፈራሁላት። መፍራቴ እምነት ማጣት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእናትሽ መፍራትሽ እምነት ማጣት አይደለም። እሷም ብትሆን ክፉ አላሰበችም። ሌላው በሚሸሽበት ሰዓት እጅጌዋን ሰብስባ የምትገባ ሴት ናት። እንደ እሷ ያሉ እናቶች ባይኖሩ ስንቱ ድሃ አጣቢ አጥቶ ይቀበር ነበር። ስለዚህ ስታናግሪያት ከምስጋና ጀምሪ።

ንግግሯን ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሰምቼዋለሁ። በኅዳር 2018 ማርበርግ ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲነገርም ያው ነበር። ሰዉ የሚፈራው ሞቱን ብቻ አይደለም። «ሳልታጠብ፣ ሳልሳም ከተቀበርኩ ነፍሴ ምን ይውጣት?» ይላል። ይህን ፈርቶ በሽተኛውን ቤት የሚደብቅ ቤተሰብ አለ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ለነፍስ የሚደርስላት ጸሎተ ፍትሐቱ ነው፤ ቅዳሴው፣ ምጽዋቱ፣ ተዝካሩ ነው። እጥበቱ የፍቅር ሥራ ነው፣ ክቡር ነው፤ ነፍስ የምትማረው ግን በእሱ አይደለም። ጦር ሜዳ ወድቆ አስከሬኑ ላልተገኘ ልጅ ፍትሐት ሲደረግ አይተሽ የለ? ማን አጠበው? ማን ሳመው? ቤተ ክርስቲያን «ገላው ስላልታጠበ አልጸልይለትም» አላለችም። ካህኑ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ቢጸልይም ጸሎቱ አይጎድልም።

አንዳንዱ መጽሐፈ ጦቢትን ይጠቅስልኛል። እውነት ነው፣ ጦቢት በምርኮ አገር የወገኖቹን ሬሳ እያነሳ ይቀብር ነበር። ግን ምዕራፍ 2ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቀብሮ በተመለሰባት ሌሊት ቤት አልገባም። ሬሳ ስለነካ በኦሪቱ ሥርዓት መሠረት ደጅ፣ ከግቢው ግድግዳ ሥር አደረ።

«እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» የሚለው ላይ ግን ጠንከር ልበል። መዝሙር 90ን በራችን ላይ የለጠፍን ብዙ ነን። ይህንኑ መዝሙር ጠቅሶ ጌታን «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ማን እንደሆነ ማቴዎስ 4 ላይ ታገኙታላችሁ። ጌታም «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። የሚጠብቁ መላእክት ጠፍተው አይደለም። መታመን ሌላ፣ እያወቁ መዝለል ሌላ ስለሆነ ነው። እናትሽ ደግሞ ብቻዋን አትዘልም። ማታ ቤት ገብታ በዚያው እጇ የልጅ ልጆቿን ታጎርሳለች።

ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ የሚዛመት በሽታ አይደለም። የሚተላለፈው በታመመው ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥና በመሳሰሉት ፈሳሾች ነው። ሰውየው ሲሞትም ከአስከሬኑ ቶሎ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው አጣቢዎች ክፉኛ የሚጋለጡት። ምልክቱ በሽታው ከተላለፈ በኋላ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ነው፤ «ወባ ናት» ብሎ ለመተው የሚመች። የተፈቀደ ክትባት የለውም። ሆኖም ቶሎ ሐኪም ቤት ደርሶ ፈሳሽ የተሰጠው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ጠበሉ እዚያም ይደርስለታል፤ እንዲህ የታመመ ሰው ይዛችሁ ሕዝብ የተጨናነቀበት ጠበል ቦታ አትሂዱ።

ይህ ማለት ግን ከእንግዲህ አስከሬን ሁሉ ይፈራ ማለት አይደለም። በስኳር በሽታ ለሞቱት አሮጊት እናትሽ እንደ ልማዷ አጥባ ትገንዝ። ወረርሽኝ ሲታወጅ፣ ወይም ሰው በትኩሳትና በደም መፍሰስ በድንገት ሲሞት፣ ያኔ እጅ ይሰብሰብ፤ ወደ ጤና ጥሪ መስመር 8335 ይደወል። ለቀብር የሠለጠኑት ሲመጡ ነጭ ጨርቁን፣ ነጠላውን፣ መስቀሉን ስጧቸውና አብሮ እንዲገባ ጠይቁ። ካህኑን አስቀድማችሁ ጥሩ። ለቅሶ መድረሱም አይቀርም፤ የሚቀረው አንገት ለአንገት መተቃቀፉ ነው። ይህን ሁሉ እድራችሁ አሁን፣ አገር ሰላም ሳለ ይምከርበት። ድንኳን ተተክሎ፣ አስከሬን ቤት ተጋድሞ መከራከር አያምርም። ደግሞ ታሞ ድኖ የተመለሰ ሰው ቢኖር አትሽሹት፤ ሐኪም ቤቱ ድኗል ብሎ ከሸኘው ቡና ጠርታችሁ አጠጡት።

ይህን ለእናትሽ አንብቢላት። ካልተዋጠላት የንስሐ አባቷን ታማክር። የእድሩ ሴቶች ቢጠሩኝ እኔም እመጣለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብትኖር ደስ ይለኛል።