የጭነት ገመድና ሸራ

ጥያቄ፦ በአሰብ መስመር በጭነት መኪና የሠሩት አባቴና ጓደኞቻቸው አዳማ ተገናኝተው ሲጨዋወቱ፣ ከተነሡ በኋላ ብዙ ሳይርቁ ወርደው ገመድ ያጠብቁ እንደነበር ያወራሉ። ተወጥሮ የታሰረ ገመድ ለምን ይላላል? ሸራውስ ለምን ከኋላ ይጀመራል?

መልስ፦ አባትዎ እውነታቸውን ነው። በጆንያ የተጫነ እህል መኪናው ሲንገጫገጭ እየረጋ ቁመቱ ስለሚቀንስ፣ ሲነሡ እንደ ክራር ክር የተወጠረው ገመድ ይረግባል፤ የቃጫ ገመድ ደግሞ በዝናብ ሲርስ አጥሮ ይጠብቅና፣ አዋሽን አልፎ በቆላው ፀሐይ ሲደርቅ መልሶ ይላላል። ሁለት ሸራ ሲለብስ የኋለኛው ቀድሞ ተዘርግቶ የፊተኛው በላዩ የሚደረበው፣ ነፋስና ዝናብ በመገጣጠሚያው እንዳይገባ ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን የፊት ማዕዘኑን አስተጣጠፍ ነው፤ እጥፋቱ ወደ ኋላ ዞሮ በገመድ ካልተያዘ፣ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሸራውን እያርገበገበ ይቀደዋል።