መቀመጫው ከመነሳቱ በፊት ማንሆሉን ይክፈቱ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ቤታችን ፎቅ የለውም። አሁን መታጠቢያ ቤቱን እያደስን ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ በሩ ሥር ስለሆነ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ በክራንች ስትገባ መዞሪያ ታጣለች። ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ 2 ሜትር ተኩል ያህል ልናዛውረው አሰብን። የያዝነው የቧንቧ ሠራተኛ «መቆፈር አያስፈልግም፤ ቱቦውን ከላይ አስተኝቼ ወለሉን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አለን። ዋጋውም ቀለል ይላል። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብዎን ይስሙት። በ10 ሳንቲ ሜትር አይሆንም።

እስቲ አብረን እናስላው። የሽንት ቤት ቱቦ ውፍረቱ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ 11 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ገና ከመነሻው 10ሩን አለፈ። ቱቦው ደግሞ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ለ2 ሜትር ተኩል 5 ሳንቲ ሜትር፤ ሆነ 16። ሊሾና ሴራሚክ ሲጨመርበት ወደ 20 ይጠጋል። ከመቀመጫው ሥር የሚታጠፈውን ክርን ገና አልቆጠርኩትም። ስለዚህ በ10 እሠራዋለሁ የሚል ሰው ወይ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፣ ወይ ቱቦውን ለጥ አድርጎ ያስተኛዋል። ለጥ ያለ ቱቦ ውሃውን ያሳልፍና ደረቁን ያስቀራል። ከዚያ በየጊዜው መደፈን ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ላይ ደረጃ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሥራ የተጀመረው ለእናትዎ ጉልበት ነው። በክራንች የሚሄድ ሰው እርጥብ ሴራሚክ ላይ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አስቡት። በፍጹም አይደረግም።

ደግነቱ ቤትዎ ፎቅ የለውም፤ ከሥር የሚነካ ሶሌታ የለም። ይቆፈር። ከመቆፈሩ በፊት ግን ግቢ ያለውን ማንሆል ከፍተው አንድ ሰው ከውስጥ ውሃ ይልቀቅ። ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ያያሉ። የቱቦውን የታችኛውን ጠርዝ ጥልቀት በሜትር ይለኩ። ማንሆሉ በአዲሱ ግድግዳ በኩል ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ አሮጌውን መስመር ትተው በቀጥታ ወደ ማንሆሉ አዲስ መዘርጋት ይሻላል። በሌላ በኩል ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው መስመር ጋር በሚገናኝበት ቦታ በ90 ዲግሪ አይታጠፍ። ሁለት ባለ 45 ክርን ይግባ። አሮጌው ቀዳዳ በደንብ ይደፈን፤ ሴራሚክ ብቻ ከለበሰ ሽታውም በረሮውም መውጫ አያጣም።

የሐዋሳ አፈር ብዙ ቦታ ልልና አሸዋማ ነው። የተቆፈረው ሳይጠቀጠቅ ቱቦ ከተዘረጋበት ቆይቶ ይሰምጣል፣ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። ውሃ እየረጩ ይጠቅጠቅ። ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት ቱቦው ታችኛው ጫፉ ላይ ተደፍኖ ውሃ ይሞላ፤ ከፍታው በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት ይደር። ጠዋት ከምልክቱ ከወረደ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ችላ አንበል። ሐይቃችን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ከየግቢያችን የሚያፈሰው መጨረሻው ወደዚያው ነው።

የአየር ቱቦም አይረሳ። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ከመስመሩ ተነስቶ ከጣሪያ በላይ ይውጣ። እሱ ከሌለ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር የወለሉ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ ያለው ውሃ ይሳባል፤ ሽታ ይከተላል።

መቀመጫውን ቀዳዳው ከመሠራቱ በፊት ይግዙ። ወደ ወለል የሚያወጣና ወደ ግድግዳ የሚያወጣ አለ። ወደ ወለል የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሀል 30 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ግን ሁሉም አንድ ስላልሆነ የገዙትን ራሱን ይለኩ። ልኬቱ የሚነሳው ከብሎኬቱ ሳይሆን ከሴራሚኩ ፊት ነው። ከመቀመጫው መሀል እስከ ጎን ግድግዳ ቢያንስ 40፣ ከፊቱ 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው። ለክራንች ከዚያም ቢሰፋ ደግ ነው። ለእናትዎ ከፍ ያለውን መቀመጫ ይምረጡ፤ ከወለል እስከ መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለመነሳት ይቀላል።

በሩንም ወደ ውጭ እንዲከፈት ያድርጉት። እናትዎ ምናልባት ውስጥ ቢወድቁ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በራሳቸው ሰውነት ይታገዳል፤ ደራሽም መግባት ያቅተዋል።

የእጅ መደገፊያውን ብረት ደግሞ ከአሁኑ ያስቡበት። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ነው፤ ፊሸሩ ዛሬ ቢይዝ ነገ ሰው ሲንጠለጠልበት ተነቅሎ ይመጣል። ብረቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብሎኬቱ ተሰብሮ ኮንክሪት ይሞላ፤ ከደረቀ በኋላ ሴራሚኩ ይለጠፍ። ቦታውን ለመወሰን እናትዎን እዚያው ወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና ሲነሱ እጃቸው የሚያርፍበትን ምልክት ያድርጉ።