ሮማኒያኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛውን «ኤ» ለምን ይዘሉታል?

ጠያቂያችን፣ በማታ ክፍልዎ የሚማሩ ሮማኒያውያን ጎልማሶች «አይ አም ኤ ድራይቨር» በማለት ፈንታ «አይ አም ድራይቨር» ማለታቸውን አልተው እንዳሉዎት ገልጸው፣ የገዛ ቋንቋቸው እንደ «ኤ» ከስም በፊት የሚገቡ «ኡን» (ለወንድ ፆታ ስም) እና «ኦ» (ለሴት ፆታ ስም) የሚሉ ቃላት እያሉት የእንግሊዝኛውን «ኤ» ለምን እንደሚዘሉት ጠይቀዋል። እኔም ለንደን ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ሳስተምር 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ሮማኒያኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ ጥያቄዎ ለረጅም ጊዜ የእኔም ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስህተቱን ከቸልተኝነት ቆጥሬው፣ በየደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ «ኤ» ስጨምር ከረምሁ፤ ምንም ለውጥ አላመጣም።

ነገሩ የገባኝ አንድ ተማሪዬን ሥራውን በቋንቋው እንዲነግረኝ በጠየቅሁት ምሽት ነው። «ሱንት ሾፌር» አለኝ። እኛም «ሾፌር ነኝ» እንደምንለው ሁሉ በመካከሉ «ኡን» የለም። «ጎበዝ ሾፌር ነኝ» እንዲል ስጠይቀው ግን «ሱንት ኡን ሾፌር ቡን» አለ፤ «ቡን» ማለት «ጥሩ» ማለት ነው። ሮማኒያኛ ሙያን ብቻውን ሲጠራ «ኡን» አያስገባም፤ ሙያውን የሚገልጽ ቅጽል ሲጨመር ግን «ኡን» ይመጣል። «መኪና አለኝ» ለማለት «አም ማሺነ» ይበቃል፤ «አዲስ መኪና አለኝ» ሲባል ግን «አም ኦ ማሺነ ኖወ» ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎችዎ «ኤ»ን አልዘነጉትም፤ በቋንቋቸው የማያስፈልግበትን ቦታ ትክክል አድርገው እያወቁ ነው የሚተዉት።

እግረ መንገዴን አማርኛ ተናጋሪ መምህር እዚህ ላይ አንድ ጥቅም እንዳለው ልጠቁም። ሮማኒያኛ የታወቀውን ነገር የሚያመለክተው እንደ እኛ ከስሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ፕሮፌሶር» መምህር፣ «ፕሮፌሶሩል» መምህሩ ማለት ሲሆን፣ በዕለት ንግግር «ል» ስለምትዋጥ «ፕሮፌሶሩ» ይሆናል። ይህን ባሳየኋቸው ቀን ክፍሉ ለእንግሊዝኛው ባዕድ መሆኔን አይቶ ይበልጥ ቀርቦኛል።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በሮማኒያኛ ሲያስብ በስሙ ላይ «ጥሩ» ወይም «አዲስ» የሚል ቅጽል በልቡ ይጨምራል፤ «ኡን» ወይም «ኦ» ብቅ ካለ በእንግሊዝኛው «ኤ» ያስገባል፣ ከዚያም ቅጽሉን ይጥለዋል። «ካኡት አፓርታመንት» የሚለውም፣ «አፓርታማ እፈልጋለሁ» ማለት ነው፣ በዚሁ መንገድ ይስተካከላል።

ዘዴው የማይሠራባቸውን ቦታዎች ግን አስቀድመው ይንገሯቸው። «እንዴት ያለ ውብ ቀን ነው!» ለማለት «ቼ ዚ ፍሩሞአሰ!» ሲሉ ቅጽሉ እያለ «ኦ» የለም፤ ስለዚህ «ዋት ቢዩቲፉል ዴይ» ይላሉ፣ «ኤ»ውን በቃል ማጥናት ይኖርባቸዋል። ከዚህ የሚከፋው ተቃራኒው ነው። «ምክር» በሮማኒያኛ የሚቆጠር ስም ስለሆነ «ኡን ስፋት ቡን» ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አድቫይስ»ን አይቆጥርም፣ ዘዴው ደግሞ «ኤ ጉድ አድቫይስ» ወደሚል ስህተት ይመራል። «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር» እና «ኒውስ»ም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን በአንድ ወረቀት ጽፌ ከሰሌዳው አጠገብ እለጥፋለሁ፤ ከቅጽሉ ፈተና በፊት «ይህ ይቆጠራልን?» ብለው እንዲጠይቁም አደርጋለሁ።

በአናባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል በፊት «ኤ» «አን» ይሆናል፤ «ኤ» ወይስ «አን» የሚለው ላይ ችግሩ የሚመጣው በሁለቱ ቋንቋዎች ከሚመሳሰሉ ቃላት ነው። ዩኒቨርሲቲ በሮማኒያኛ «ኡኒቬርሲታቴ» ተብሎ በአናባቢ ስለሚጀምር «አን ዩኒቨርሲቲ» ይላሉ። ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን እንዲሰሙ ሰኔን በቋንቋቸው እንዲጠሩ አደርጋለሁ፤ «ዩኒዬ» ይላሉ፣ የእንግሊዝኛው ቃልም በዚያው ድምፅ እንደሚጀምር ወዲያው ይረዳሉ። «ዩሮፒያን» እና «ዩኒፎርም»ም በዚሁ ይፈታሉ። በ«አወር» እና በ«ኦነስት» ግን አይቸገሩም፤ በሮማኒያኛ «ኦረ» እና «ኦኔስት» የሚጻፉት ያለ «ህ» ስለሆነ፣ ያቺ የማትነበብ ፊደል እንደሌለች ብቻ ይቆጥሯት።